የእንጀራውና የዘይቱ ልክ፦ ለሰውነታችሁ የሚስማማውን እንዴት ታገኙታላችሁ?

ጅማ ውስጥ ስለ አመጋገብ ወሬ ከተነሳ ወዲያው ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንዱ «እንጀራና ዳቦ ተው፣ ሥጋና ቅቤ ብላ» ይላል። ሌላው «የሚገድልህ ቅባት ነው፣ ዘይት አታብዛ» ይላል። ሁለቱም ምስክር አያጡም። አንደኛው እንጀራ ቀንሶ ቦርጩን ያጠፋ የአጎት ልጅ አለው። ሁለተኛው ደግሞ ቅባት ትቶ ሰውነቱ የቀለለው የሥራ ባልደረባ አለው።

የሚገርመው ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን በሁለት ከፍለው ለ12 ወር ተከታተሉ። አንዱ ቡድን ካርቦሃይድሬት (እንጀራ፣ ዳቦና ስኳር ውስጥ በብዛት ያለውን) ቀነሰ፣ ሌላው ቅባት ቀነሰ። በአማካይ ቅባት የቀነሱት 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀነሱ። ይህ ልዩነት የለም የሚባል ነው። በየቡድኑ ውስጥ ግን ወደ 30 ኪሎ ያወረደም ነበር፣ 10 ኪሎ ገደማ የጨመረም ነበር። ተመራማሪዎቹ የዘረመል (ጂን) ምርመራና የኢንሱሊን ልኬት ለማን የትኛው እንደሚስማማ ይነግሩን ይሆናል ብለው ነበር። አልነገሯቸውም። እስራኤል ውስጥ በ2015 በ800 ሰዎች ላይ የወጣው ጥናትም አንድ ዓይነት ምግብ የአንዱን ሰው የደም ስኳር ከፍ አድርጎ የሌላውን ብዙም እንደማይነካ አሳይቷል።

ስለዚህ የሌላ ሰው ልክ ለእናንተ ላይሆን ይችላል። የራሳችሁን የምታገኙት በራሳችሁ ማዕድ ላይ ሞክራችሁ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። የሚያስፈልጉት የወጥ ቤት ሚዛን (ከጎረቤት መዋስ ይቻላል)፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ማንኪያና አንድ ደብተር ናቸው።

ሳትጀምሩ፦ ብቻውን መሞከር የሌለበት ማነው?

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉ እለምናችኋለሁ። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል እንጀራውን በድንገት ከቀነሰ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያነጋግር። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የሐሞት ጠጠር ያለባቸው፣ ክብደታቸው ከሚገባው በታች የሆነ፣ ከዚህ በፊት ምግብ በመከልከል ወይም ከልክ በላይ በመብላት የተቸገሩ ሰዎችም እንዲሁ። ልጆች ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

ጤነኛ የሆናችሁም ብትችሉ ደማችሁን አስመርምሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሆነ ሌላ ላቦራቶሪ ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር፣ የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን ምርመራ፣ የኮሌስትሮልና የደም ቅባት ምርመራ። በባዶ ሆድ ስኳር ከ100 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው። 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራው ተደግሞ ሐኪም ማየት አለበት። የሦስት ወሩ ደግሞ ከ5.7 በመቶ በታች ጥሩ ነው፣ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ምልክት ነው። ወረቀቱን አትጣሉት፣ መጨረሻ ላይ ታመሳክሩበታላችሁ።

አንደኛ፦ ሳትቀይሩ አንድ ሳምንት ለኩ

በዚህ ሳምንት ምንም አትቀንሱ፣ ምንም አትጨምሩ። የምትበሉትን ብቻ እወቁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ዛሬ ሰምቶ ነገ እንጀራ ይተዋል። ከየት እንደተነሳ ስለማያውቅ ግን የት እንደደረሰ ማወቅ አይችልም።

ዘይቱን ለመለካት ቀላል ዘዴ አለ። ሰኞ ጠዋት ዘይቱ ጠርሙሱ ወይም ጀሪካኑ ላይ እስከየት እንደሞላ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። እሑድ ማታ ምን ያህል እንደጎደለ እዩ። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ይመዝናል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በሳምንት ሁለት ሊትር ከጨረሰ ለአንድ ሰው በቀን 52 ግራም ይደርሰዋል። ይህ ወደ አራት የሾርባ ማንኪያ ነው። ወጥ ላይ ሲፈስ ስለማይታይ ማንም ሰው «በቀን አራት ማንኪያ ዘይት እጠጣለሁ» ብሎ አያስብም። ቅቤውንም በዚሁ መንገድ ለኩ። ቅቤው ያለበትን ዕቃ ሰኞና እሑድ መመዘን በቂ ነው።

እንጀራውን በሚዛን መዝኑ። የእንጀራ ልክ ከምጣድ ምጣድ ይለያያል፣ የገበያው ደግሞ ከቤቱ ያንሳል። የጤፍ እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው። ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን ካርቦሃይድሬት ብላችሁ አስሉት። 300 ግራም የሚመዝን ትልቅ እንጀራ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት ገደማ ይሰጣችኋል። በቆሎ ወይም ሩዝ ቢቀላቀልበትም ስሌቱ ብዙ አይለወጥም።

ከአንድ ትሪ ስንበላ የራሳችንን ድርሻ ማወቅ ይከብዳል። መፍትሔው ሳትጀምሩ የእናንተን ጥቅል ቆጥራችሁ ፊት ለፊታችሁ ማስቀመጥ ነው። ከትሪው ሥር ያለውን እንጀራ ከነካችሁም በአንድ ጥቅል ያዙት። ጉርሻውንም ጻፉ። «በሞቴ» ሲባል እምቢ ማለት እንደማይቻል አውቃለሁ፣ ጎርሳችሁ ጻፉት።

ስኳሩ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። የቡና አገር ነን። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ እያንዳንዳቸው በሁለት ማንኪያ ከተጠጡ 24 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው። ሦስቱ ስኒ ብቻ ያን ጨረሱት። ሻዩ፣ ለስላሳውና ጭማቂው ገና አልተቆጠሩም።

ጫት የምትቅሙ ካላችሁ እሱንም ደብተሩ ላይ አስገቡት። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍም ያዛባል። አንድ ሳምንት ቅማችሁ በሌላው ብትተዉ የረሃባችሁ ምክንያት እንጀራው ይሁን ጫቱ መለየት አትችሉም።

ሁለተኛ፦ ደብተሩን ወደ ቁጥር ቀይሩት

አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ነው። አንድ ግራም ፕሮቲንም 4። አንድ ግራም ቅባት ግን 9። ከዚህ ውጭ የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ግምት ነው፦

የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ — 14 ግራም ቅባት ገደማ
ግማሽ መካከለኛ አቮካዶ (100 ግራም ሥጋው) — 15 ግራም ቅባት
አንድ እንቁላል — 5 ግራም ቅባት፣ 6 ግራም ፕሮቲን
አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ (30 ግራም) — 15 ግራም ቅባት፣ 7 ግራም ፕሮቲን
100 ግራም ዳቦ — 50 ግራም ካርቦሃይድሬት
100 ግራም የበሰለ ሩዝ ወይም ፓስታ — ወደ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት
100 ግራም ቅቅል ድንች — 20 ግራም ካርቦሃይድሬት (ጎደሬ ከዚህ ይበልጣል)
100 ግራም የበሰለ ምስር — 20 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 9 ግራም ፕሮቲን፣ 8 ግራም አሰር (ፋይበር)

አንድ ሰው ልውሰድ። በቀን ሦስት ትልቅ እንጀራ በሽሮና በምስር ይበላል፣ ሦስት ስኒ ቡና በስኳር ይጠጣል፣ የዘይት ድርሻው 52 ግራም ነው። ሲደመር ካርቦሃይድሬቱ 360 ግራም፣ ቅባቱ 60 ግራም፣ ፕሮቲኑ 45 ግራም ገደማ ይመጣል። በካሎሪ 1,440፣ 540ና 180 ነው። ጠቅላላው 2,160። ከመቶ ሲታይ ካርቦሃይድሬት 67፣ ቅባት 25፣ ፕሮቲን 8።

የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ለአዋቂ ያስቀመጠው ድንበር ካርቦሃይድሬት ከ45 እስከ 65፣ ቅባት ከ20 እስከ 35፣ ፕሮቲን ከ10 እስከ 35 በመቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ክብደት እንዳይጨምር ቅባት ከ30 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። የዚህ ሰው ካርቦሃይድሬት ከድንበሩ ትንሽ አልፏል። ቅባቱ ደህና ነው። ፕሮቲኑ ግን ጎድሏል። ሰው ስለ እንጀራና ስለ ዘይት ሲከራከር ይቺን ሦስተኛዋን ይረሳታል። እኔ ግን መጀመሪያ መስተካከል ያለባት እሷ ናት ባይ ነኝ።

ሦስተኛ፦ መሠረቱን አስተካክሉ

እንጀራውንም ዘይቱንም ሳትነኩ ለሁለት ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ አድርጉ።

ፕሮቲን ጨምሩ። ለአዋቂ ዝቅተኛው መጠን በኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢያንስ 52 ግራም ያስፈልገዋል፣ 65 ግራም ቢያደርገው ደግሞ ረሃቡን ይበልጥ ያስታግስለታል። ሥጋ በየቀኑ አይገዛም። ግን ምስሩና ሽሮው ወፈር ይበል። እንጀራው በወጥ ከሚነካ ወጡ በእንጀራ ይበላ። ጠዋት እንቁላል፣ ወይም የተቀቀለ ባቄላ፣ ወይም አይብ። ለቡና ቁርስ ከዳቦ ይልቅ የሽምብራ ቆሎ።

ጎመንና አትክልት በየማዕዱ ይኑር። ጎመን ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ወደ ሰውነት የሚገባው ትንሽ ቅባት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ጎመንን ያለ ጠብታ ዘይት መብላት ጥሩ አይደለም።

ስኳሩን በግማሽ ቀንሱ። አንድ ማንኪያ የለመደ ግማሽ፣ ሁለት የለመደ አንድ። የሊሙ ቡና ያለ ስኳር ስትጠጡት ስኳር የሸፈነው ጣዕም አለ፣ ቀስ በቀስ ትደርሱበታላችሁ።

ለብዙ ሰው እዚሁ ላይ ግማሹ ችግር ይቃለላል። ከምሳ በኋላ የነበረው ድካም ይቀንሳል፣ ማታ የሚመጣው የዳቦ አምሮት ይጠፋል። እንደዚያ ከሆነላችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ፈተናውን ቀጥሉ።

አራተኛ፦ ሦስት ሳምንት እንጀራ ቀንሱ

አሁን እንጀራውን ከሦስት ወደ ሁለት አውርዱ። 100 ግራም ካርቦሃይድሬት ወጣ ማለት ነው፣ 400 ካሎሪ ገደማ። ቦታውን ባዶ አትተዉት። ግማሽ አቮካዶ፣ አንድ እንቁላልና ተጨማሪ ጭልፋ ምስር አስገቡበት። ምሳሌ ያደረግነው ሰው ካርቦሃይድሬቱ ወደ 54፣ ቅባቱ ወደ 35 በመቶ ይመጣል። ከዚህ በላይ አትሂዱ። በቀን ከ130 ግራም ካርቦሃይድሬት በታች መውረድ ያለ ሐኪም ክትትል አያስፈልግም። አንጎል ብቻውን በቀን 120 ግራም ገደማ ግሉኮስ ይጠቀማል።

በዚህ ሙከራ ጅማ መኖር መታደል ነው። ሐሙስ ገበያ ውጡ። ከማና፣ ከሰቃና ከጎማ የሚመጣ አቮካዶ መሬት ላይ ተቆልሎ ታገኛላችሁ። ጠንካራና የበሰለ ቀላቅላችሁ ግዙ። አንዱ ዛሬ ይበላል፣ ሌላው እሑድ ይደርሳል። የበሰለውን ለማወቅ ጎኑን በጣት አትጫኑ፣ ይጠቁራል፣ ሻጯም አትወደውም። አናቱ ላይ ያለችውን እንጥል ነካ አድርጉ። በቀላሉ ከተነሳችና ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ደርሷል። ሥሩ ቡናማ ከሆነ አልፎበታል። ቤት ወስዳችሁ በጨው፣ በሎሚና በቃሪያ ብሉት። ጭማቂ ቤት ከሆናችሁ «ያለ ስኳር» በሉ፣ አለበለዚያ ያወጣችሁት ስኳር በብርጭቆ ይመለሳል።

የሚጨመረው ቅባት ቅቤ ባይሆን ይሻላል። ከንጥር ቅቤ ከግማሽ በላዩ የረጋ ቅባት (ሳቹሬትድ የሚባለው) ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ግማሽ ያህሉ እንደዚያው ነው። የሱፍ ዘይት ግን የረጋ ቅባቱ 10 በመቶ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የረጋ ቅባት ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ለ2,000 ካሎሪ ይህ 22 ግራም ነው፣ ሦስት ማንኪያ ንጥር ቅቤ ያልፈዋል። ቅቤ ለበዓልና ለማጣፈጫ ይቅር። ለየቀኑ አቮካዶ፣ ኦቾሎኒ፣ ተልባ፣ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሁን።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ክብደታችሁ ቶሎ ቢወርድ አትደሰቱበት። ጉበትና ጡንቻ የሚያጠራቅሙት ስኳር ከእያንዳንዱ ግራም ጋር 3 ግራም ገደማ ውኃ ይይዛል። መጀመሪያ የሚወጣው ያ ውኃ ነው። ራስ ምታትና ድካምም ሊኖር ይችላል፣ ውኃ ጠጡ፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ያልፋል።

ቤተሰብ ደግሞ ዝም አይልም። የባጃጅ ሾፌር የሆነ ጎረቤቴ ይህን ሲሞክር እናቱ ሁለቱን ጥቅል አይተው «እንጀራ ካልበላማ ምኑን በላ?» ብለው ተጨነቁ። «እማዬ፣ ምስሩን እኮ ጨምሬያለሁ፣ እይው» ብሎ ሳህኑን አሳያቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ጭልፋውን ሞላ አድርገው ያቀርቡለት ጀመር። የቤታችሁን ሰው አስረዱ። የሚቀርብላችሁን የሚሠራው ሰው ካልገባው ሙከራው አይሳካም።

አምስተኛ፦ ሦስት ሳምንት ዘይት ቀንሱ

አሁን ተገላቢጦሹ ነው። እንጀራው ወደ ሁለት ተኩል ይመለስ። አቮካዶው ይቁም። የዘይት ድርሻችሁ በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይሁን። ካርቦሃይድሬቱ ወደ 65፣ ቅባቱ ወደ 22 በመቶ ይመጣል። ከ20 በመቶ በታች ግን አታውርዱት። ኤ፣ ዲ፣ ኢና ኬ የሚባሉት ቫይታሚኖች ያለ ቅባት አይዋሃዱም።

ዘይት ቀንሶ ወጥ ማጣፈጥ ይቻላል። ምስጢሩ ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱን በደቃቁ ክተፉ። ደረቅ ድስት ለዘብ ባለ እሳት ላይ ጣዱና ሽንኩርቱን ያለ ምንም ዘይት ጨምሩት። ትንሽ ጨው ነስንሱበት፣ ጨው ውኃውን ያወጣዋል። ክደኑት። ውኃው ሲመጥና ሥሩ መያዝ ሲጀምር አንድ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውኃ ጠብ አድርጉና በእንጨት ማንኪያ ፍቁት። ያ ሥሩ ላይ የያዘው ቡናማ ነገር ነው ጣዕሙ። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። ሽንኩርቱ ነጭነቱ ጠፍቶ፣ ለስልሶ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ሲሸት ያኔ ዘይቱን በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። በርበሬው ይከተላል። በርበሬው ዘይቱን ሲያገኝ ቀለሙ ይወጣል፣ ቶሎ ውኃ ካልነካ ግን ያርራል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከዚያ በኋላ። ዶሮ ወጥ የሚሠሩ እናቶች ሽንኩርቱን በደረቁ የሚያበስሉት ይህን አውቀው ነው። የተቻኮለ ቁሌት ነው ብዙ ዘይት የሚጠይቀው።

ለቤቱ ሰው ሁሉ ዘይት መቀነስ ካልቻላችሁ ወጡ በትንሽ ዘይት ይሠራ። የፈለገ ሰው ሳህኑ ላይ ጠብ ያድርግ። ጠዋት ላይ ፍርፍር የምትወዱ ደግሞ እዚያ ላይ ተጠንቀቁ። ደረቅ እንጀራ የሰጡትን ዘይት ሁሉ ይጠጣል። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖም እንደዚሁ ናቸው።

በዚህ ሙከራ ቶሎ ቶሎ ቢርባችሁ ወዲያው «ለእኔ ቅባት ነው የሚሆነኝ» አትበሉ። መጀመሪያ ምስሩና ጎመኑ እንዳልቀነሰ እዩ። በ2021 የታተመ ጥናት ላይ 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት ቅባቱ የቀነሰ የአትክልት ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ካርቦሃይድሬቱ በጣም የቀነሰ ምግብ የፈለጉትን ያህል በሉ። ቅባቱ ሲቀንስ ሳያስቡት በቀን 689 ካሎሪ ገደማ አሳንሰው በሉ። ካርቦሃይድሬቱ ሲቀንስ ደግሞ የደም ስኳራቸው ዝቅ አለ። ሁለቱም መንገድ የየራሱ ጥቅም አለው።

ስድስተኛ፦ ማታ ማታ የሚጻፉት

በሁለቱም ሙከራ ጊዜ ከመተኛታችሁ በፊት ከአምስት ነጥብ ስጡ፦ ከምሳ በኋላ ምን ያህል ሰዓት ሳይርባችሁ ቆያችሁ? ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ተጫጫናችሁ? ሥራ ላይ ጉልበት ነበራችሁ? እንቅልፍና ስሜታችሁ እንዴት ነው? ሆዳችሁስ? ድርቀት አለ? መነፋት?

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ምንም ሳትበሉ፣ ወገባችሁን በእምብርት በኩል ለኩ። ወገብ ከሚዛን ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ከቁመታችሁ ግማሽ በታች እንዲሆን ፈልጉ። 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ85 ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ቤት ውስጥ የስኳር መለኪያ ያላችሁ በየሙከራው ለጥቂት ቀን ከምሳ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ። ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ከሆነ ሰውነታችሁ ያንን እንጀራ ችሎታል። ካለፈ ደግሞ እንጀራውን ከመተዋችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። ጎመኑንና ምስሩን አስቀድማችሁ፣ እንጀራውን አስከትሉ። ከበላችሁም በኋላ 15 ደቂቃ በእግር ሂዱ። ከሄርማታ ሰፈር መንደራ ሰፈር ለመድረስ ባጃጅ አያስፈልግም።

ሰባተኛ፦ ነጥቡን አንብቡ

ሁለቱን ሦስት ሳምንታት ጎን ለጎን አስቀምጡ። የየሙከራውን የመጀመሪያ ሳምንት አትቁጠሩት፣ ሰውነት እየለመደ ነው።

እንጀራ ስትቀንሱ ረሃቡ ከራቀ፣ የ8 ሰዓቱ እንቅልፍ ከጠፋና ወገብ ከጠበበ ወደዚያ አዘንብሉ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው፣ በባዶ ሆድ ስኳሩ 100 የተጠጋ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይስማማዋል። ጎረቤቴ ባጃጅ ላይ ሲውል እግሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። ለእሱ ሁለት እንጀራ በቂው ሆኖ ተገኘ።

ዘይት ስትቀንሱ ከቀለላችሁ፣ ጉልበት ካገኛችሁ፣ ሆዳችሁ ከተስተካከለ ደግሞ ያኛውን ያዙ። ጆንያ የሚሸከም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቅም የሚውል ወይም በየቀኑ የሚሮጥ ሰው ካርቦሃይድሬቱን ያቃጥለዋል። እንጀራ ቀንስ ቢባል ይደክማል። የደም ቅባቱ ከፍ ያለ ሰውም ቅቤና የሚረጋ ዘይት መቀነሱ ይጠቅመዋል።

ልዩነት ካላያችሁ በጣም ጥሩ ነው። ሰውነታችሁ ሁለቱንም ይቀበላል፣ ለኪሳችሁና ለቤተሰባችሁ የሚቀለውን ምረጡ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንዱን ስትጨምሩ ሌላው ይቀንስ። አቮካዶው «ጤናማ ነው» ተብሎ በሦስት እንጀራ ላይ ቢጨመር ወገብ ይሰፋል።

ጾም ሲመጣ

ጅማ ውስጥ ግማሹ ቤት ረመዳንን፣ ግማሹ ዓቢይ ጾምን ይጾማል። ሙከራውን በጾም መካከል አትጀምሩ፣ ጾምና ፍስክ የተቀላቀለበት ውጤት አይነበብም። ልካችሁን ካወቃችሁ በኋላ ግን ወደ ጾም ይዛችሁት መግባት ትችላላችሁ። በዓቢይ ጾም ቅቤው፣ እንቁላሉና ወተቱ ሲወጣ ፕሮቲኑ አብሮ እንዳይጠፋ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒና የተልባ ውኃ ይተኩት። በረመዳን ደግሞ ፈተናው የአፍጥር ሰዓት ነው። ተምሩና ሾርባው ይቅደም፣ ሳምቡሳው አንድ ይበቃል። ለሱሁር ቂንጬ ወይም የገብስ ገንፎ ከእንቁላል ወይም ከእርጎ ጋር ከነጭ ዳቦ የተሻለ ያቆያል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከመጾሙ በፊት መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

ከሦስት ወር በኋላ

የመረጣችሁትን ሦስት ወር ያህል ከያዛችሁት በኋላ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሱ። የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ስለሚያሳይ ከዚያ በፊት መሄድ ብዙም አይነግራችሁም። የድሮውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን እዩት። ቅባት ጨምራችሁ መጥፎው ኮሌስትሮል ከወጣ መጀመሪያ ቅቤውንና የሚረጋውን ዘይት በፈሳሽ ዘይትና በአቮካዶ ተኩ። ካርቦሃይድሬት ጨምራችሁ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ከወጣ ስኳሩን፣ ነጭ ዳቦውንና ለስላሳውን ቀንሱ። ሥራ ከቀየራችሁ፣ ከወለዳችሁ ወይም ዕድሜያችሁ ገፍቶ መንቀሳቀስ ከቀነሳችሁ ደብተሩን አውጡና ከዘይቱ ጠርሙስ ምልክት ጀምራችሁ እንደገና ለኩ።